የድጓ ምስክርና የኢንተርኔት ደንብ

ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ የተማረ ደቀ መዝሙር የትም ይማር የት፣ ትምህርቱ የሚጸናለት ጋይንት ቤተ ልሔም ገብቶ ሲያስመሰክር ነው። ከጎጃም ይነሣ ከወሎ፣ የስማዳን ቆላ አቋርጦ ይምጣ ወይም ከጉና ደጋ ወርዶ፣ ስንቁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነው ቁራሽ፣ ሸክሙም በገዛ እጁ የጻፈው ድጓ ነው። እዚያ ሲደርስ ከምስክር መምህሩ ፊት ይቀመጥና ቃሉን ከነምልክቱ፣ ምልክቱን ከነዜማው ያደርሳል። መጽሐፉም አብሮ ይታረማል፤ የወደቀ ቃል ይገባል፣ ያለቦታው የተቀመጠ የድፋት ምልክት ይፋቃል፣ የተረሳ የይዘት ምልክት ይጨመራል። ይህን አልፎ የወጣ ሰው በፈለገበት ደብር ወንበር ዘርግቶ ሊያስተምር ይችላል። ቤተ ልሔም አስመስክሯል ከተባለ በዕውቀቱ ላይ የሚነሣ ጥያቄ የለም።

ለዝማሬ መዋሥዕት ያንኑ ሥራ የሚሠራው ዙር አምባም እዚያው ጋይንት ውስጥ ነው። አቋቋም የሚሻ ጎንደር ይገባል፤ ቅዳሴ የሚሻ ወደ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ሰለልኩላ ያቀናል። እያንዳንዱ ሙያ የታወቀ የምስክር ቦታ አለው ማለት ነው።

የዚህ ሥርዓት ብልሃት የሚገባን የተሸከመውን ችግር ስናስብ ነው። ማተሚያ ቤት በሌለበት ዘመን፣ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን መጽሐፍ በሚጽፍበት አገር፣ በአንድ ብራና ላይ የገባች ስሕተት ከዚያ ብራና በተቀዱት ሁሉ ላይ ትባዛለች። ትውፊቱ ዜማውን ለ6ኛው ክፍለ ዘመኑ ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ምልክቶቹ የተሠሩት ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ አንድን ዜማ በሺህ እጆች እያስጻፉ፣ በሺህ ጉሮሮዎች እያስዜሙ እንዳይበታተን ማድረግ የተቻለው በየደብሩ ተቆጣጣሪ በማስቀመጥ አልነበረም። የሚያስተምሩት ሰዎች በአንድ በር እንዲያልፉ በማድረግ ነው። በመምህራኑ መካከል ስምምነት ካለ መንገዱ ሁሉ ባይጠበቅም ዜማው ይጠበቃል።

ኢንተርኔትም የቆመው በዚህ ዓይነት ስምምነት ላይ ነው፤ ስምምነቱ እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚጸድቅ ማወቅ ደግሞ ለእኛ ከዕውቀት ያለፈ ጥቅም አለው። ፊደላችን በስልካችን ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ፣ የትኛው ቁጥራችን በድረ ገጽ ስም ውስጥ እንደሚገባ፣ የድጓ ምልክቶቻችን ከቃሉ በላይ መቀመጥ መቻል አለመቻላቸው ሳይቀር የተወሰነው በዚህ መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነፋስ መውጫ ላይ አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ የፈተና ውጤቱን ሲያይ፣ ስልኩን የሠራው ኩባንያ፣ ምልክቱን የሚያስተላልፈው ማማ፣ መልእክቱን የሚያሻግሩት ራውተሮችና ውጤቱን የያዘው ሰርቨር የተለያዩ ባለቤቶች ንብረት ናቸው። የነደፏቸው መሐንዲሶች እርስ በርስ አይተዋወቁም። ሁሉንም የሚያስተሳስራቸው ፕሮቶኮል የሚባለው የጽሑፍ ደንብ ነው፤ ማን ቀድሞ ሰላም ይላል፣ ሌላው በምን ይመልሳል፣ በመንገድ የጠፋ ቁራጭ መልእክት እንዴት እንደገና ይጠየቃል የሚለውን አንድ በአንድ ይደነግጋል። ቲሲፒ የተባለው፣ አብዛኛው የኢንተርኔት ልውውጥ የተመሠረተበት ደንብ በሴፕቴምበር 1981 በቁጥር 793 ታትሞ ወጣ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 2022፣ በመካከሉ የተጠራቀሙት እርማቶች ሁሉ ተካተውበት በቁጥር 9293 እንደገና ተጻፈ።

እነዚህ ቁጥሮች አርኤፍሲ የሚባሉት ሰነዶች መለያ ናቸው። የመጀመሪያውን የጻፈው ስቲቭ ክሮከር የተባለ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን ቀኑ ኤፕሪል 7 ቀን 1969 ነው። ክሮከርና ጓደኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ሥልጣን ያለው አካል መጥቶ ደንቡን እስኪሰጣቸው ድረስ የራሳቸውን ሐሳብ ለውይይት እያቀረቡ ለመቆየት ነበር ያሰቡት። ያ ሥልጣን ያለው አካል አልመጣም። ለውይይት የተጻፉት ሰነዶች ራሳቸው ደንብ ሆኑ።

ዛሬ ይህን ሥራ የሚመራው አይኢቲኤፍ የተባለ ስብስብ ነው። ጃንዋሪ 1986 ሳንዲዬጎ ላይ ሲጀምር የተገኙት 21 ሰዎች ነበሩ። አባልነት የለውም፤ የአባልነት መዋጮም አይጠይቅም። ወደ ውይይቱ የሚገባ ሰው የሚናገረው በራሱ ስም እንጂ መንግሥትን ወይም ኩባንያን ወክሎ አይደለም። ስብሰባ በዓመት ሦስት ጊዜ ይደረጋል፤ ነገር ግን በአዳራሽ የተባለው ሁሉ በኢሜይል ወጥቶ ያልመጡትም ካልመከሩበት አይጸናም። ይህ የመጨረሻው ደንብ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። የአውሮፕላን ቲኬትና ቪዛ ለሚከብደው የአፍሪካ መሐንዲስ ግን የበሩ መከፈትና መዘጋት ያለው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ሐሳብ ደንብ እስኪሆን የሚያልፍበት መንገድ ረጅም ነው። መጀመሪያ ማንም ሰው ረቂቅ ጽፎ ያስገባል። ረቂቁ ዕድሜው ስድስት ወር ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልታደሰ ይሞታል። ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ይህም ጥሩ ነው፣ ተከራካሪ ያላገኘ ሐሳብ ጊዜ አይወስድምና። ደጋፊ ያገኘው ወደ አንድ የሥራ ቡድን ይገባና ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይታሻል። ቡድኑ በቃን ሲል የመጨረሻ አስተያየት ይጠየቅበታል፤ ከዚያ የዘርፉ ኃላፊ ያነበዋል፤ ቀጥሎ ለመላው ማኅበረሰብ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይቀርባል። በዚህ ጊዜ ስለ ደኅንነት፣ ስለ አሠራር፣ ስለ አጻጻፍ የሚመረምሩ ሰዎች ከቡድኑ ውጭ ሆነው ይፈትሹታል። እነዚህ መርማሪዎች ሰነዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩ መሆናቸው ዋናው ጥቅማቸው ነው፤ ቡድኑ ከመላመዱ የተነሣ የማያየውን ጉድለት ያያሉ።

መጨረሻ ላይ አይኢኤስጂ የሚባለው የኃላፊዎች ጉባኤ ፊት ይቀርባል። እዚያ እያንዳንዱ ኃላፊ ደግፌያለሁ፣ ተቃውሞ የለኝም ወይም እንወያይ ብሎ ይመዘግባል። «እንወያይ» ብሎ የመዘገበ አንድ ኃላፊ ብቻውን ሰነዱን ያቆመዋል፤ ነገር ግን አልወደድሁትም ብሎ ሊያቆመው አይፈቀድለትም፤ ምን እንደ ጎደለና ምን ቢደረግ እንደሚያነሣው በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ጸሐፊዎቹ ይመልሳሉ፣ ያስተካክላሉ፣ ወይም ለምን እንደማይስተካከል ያስረዳሉ። ይህ ሁሉ ምልልስ ለማንም ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። የታተመ አርኤፍሲ ደግሞ አይነካም፤ ስሕተት ቢገኝበት እርማቱ ለብቻው ይመዘገባል፣ ደንቡ ቢለወጥ አዲስ ቁጥር ያለው ሌላ ሰነድ ይወጣል።

ድምፅ አይሰጥም። ይህ የሚገርመው ሰው ይኖራል፤ እኔ የምደነቅበትም ይኸው ነው። አባልነት በሌለበት ቤት ማን ድምፅ ሰጪ እንደ ሆነ መቁጠር አይቻልም፤ ቢቻልም አንድ ትልቅ ኩባንያ ሠራተኞቹን አሰልፎ ሊያሸንፍ ይችላል። ስለዚህ በቆየው ልማድ ሰብሳቢው የአዳራሹን ዝንባሌ ማወቅ ሲፈልግ ተሰብሳቢዎቹ አፋቸውን ገጥመው «እምም» እንዲሉ ይጠይቃል፤ የድምፁ ብርታት ወዴት እንዳዘነበለ ይሰማል፣ ማን ወዴት እንዳለ ግን አይታወቅም። ያም ቢሆን የውይይት መነሻ እንጂ ውሳኔ አይደለም። በ2014 የወጣው አርኤፍሲ 7282 ይህን ሲያብራራ፣ የአምስት ሰዎች ሐሳብ የመቶ ሰዎችን ተቃውሞ አልፎ ሊጸድቅ እንደሚችል እስከ መናገር ይደርሳል። መቶዎቹ የተናገሩት አንድ ተቃውሞ ብቻ ከሆነና ተቃውሞው ተመርምሮ መልስ ካገኘ፣ የብዛታቸው ቁጥር ነገሩን አይለውጠውም። አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ያነሣው መልስ ያላገኘ ጉድለት ደግሞ ሁሉንም ሊያስቆም ይችላል።

ይህ ባህል የጸናው በአንድ ቀውስ ነው። በጁን 1992 በጃፓን ኮቤ ከተማ የኢንተርኔት አርክቴክቸር ቦርድ፣ የኢንተርኔት አድራሻዎች እያለቁ በመሆናቸው የሚቀጥለው ፕሮቶኮል በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በተነደፈው ሲኤልኤንፒ ላይ እንዲመሠረት ወሰነ። መሐንዲሶቹ ሳይመክሩበት ከላይ የወረደ ውሳኔ ነበርና በሚቀጥለው ወር በማሳቹሴትስ ካምብሪጅ ሲሰበሰቡ ቁጣው ገነፈለ። ከመሐንዲሶቹ አንዱ ዴቪድ ክላርክ ያን ጊዜ ባደረገው ንግግር ነገሥታትንም ፕሬዚዳንቶችንም ድምፅ አሰጣጥንም እንደማይቀበሉ፣ የሚያምኑት በሻካራም ቢሆን በስምምነትና በሚሠራ ፕሮግራም እንደ ሆነ ተናገረ። ቦርዱ ውሳኔውን አነሣ፤ ደንብ የማጽደቅ ሥልጣኑም ወደ አይኢኤስጂ ተዛወረ። የሚቀጥለው ፕሮቶኮል አይፒ ቨርዥን 6 በዲሴምበር 1995 በሌላ መንገድ ወጣ፤ ሙሉ የኢንተርኔት ደረጃ የሚለውን ማዕርግ ያገኘው ግን በጁላይ 2017 ነው። ከሃያ አንድ ዓመት በላይ ማለት ነው።

ማዕርጉ የሚዘገየው ደንቡ በሥራ መፈተን ስላለበት ነው። በ2011 የወጣው ሥርዓት እንደሚጠይቀው፣ የተሟላ ደረጃ ለመባል ቢያንስ ሁለት በየራሳቸው የተሠሩ ፕሮግራሞች ያን ሰነድ ብቻ ተከትለው እርስ በርስ መግባባት አለባቸው። ሁለቱን የሠሯቸው ሰዎች ተነጋግረው ሳይሆን ጽሑፉን አንብበው ከተገናኙ፣ ጽሑፉ ግልጽ ነው ማለት ነው። ካልተገናኙ ስሕተቱ የሠሪዎቹ ሳይሆን የጽሑፉ ሊሆን ይችላል። ቤተ ልሔም ላይም ፈተናው የሚጠናቀቀው በብራናው ንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ቃሉን ከነምልክቱና ከነዜማው ከመምህሩ ፊት ሲያደርስ ነው የጽሑፉ ትክክለኛነት የሚታወቀው።

ልዩነቱም ሊደበቅ አይገባም። ቤተ ልሔም ያለው ሥልጣን የመምህሩ ነው፤ ተማሪ ምልክት ይለወጥ ብሎ ረቂቅ አያቀርብም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ዜማው እስከ ዛሬ ባልደረሰ። ያም ሆኖ ብቸኛው መንገድ ቤተ ልሔም አልነበረም። የአጫብር ዜማ አለ፤ የቆማ ዜማ አለ፤ የኋለኛው ስሙ ከእስቴው ቆማ ፋሲለደስ ጋር ይያያዛል። የጋይንቱና የእስቴው ጎረቤታሞች ሆነው ሳለ በዜማ ይለያሉ፤ ብዙውን አገር ያዳረሰው ግን የቤተ ልሔሙ ነው። ቲሲፒ አይፒም ተቀናቃኞቹን የበለጠው በአዋጅ ብቻ አይደለም፤ የሚያስተምሩትና የሚሠሩበት ሰዎች ስለ በዙ ነው።

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ። ኢንተርኔት ላይ ግዕዝ ፊደል የሚጻፈው ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት መዝገብ በኩል ነው። ጆ ቤከር የተባለ የዜሮክስ ባለሙያ ሐሳቡን በ1988 ሲጽፍ ዓላማው በዓለም ላይ ያሉ ሕያዋን ቋንቋዎች ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ እንዲገኙ ነበር። የግዕዝ ፊደል የገባው በሴፕቴምበር 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ 345 ምልክቶች፣ ከሀ እስከ አኀዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ። እዚህም ማጽደቅ ሁለት በር አለው። የዩኒኮድ ቴክኒክ ኮሚቴ ይመረምራል፤ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አባል አገሮች ደግሞ በበኩላቸው ድምፅ ይሰጣሉ። ጥያቄ አቅራቢው እያንዳንዱ ምልክት በመጻሕፍት መኖሩን በናሙና ማስረዳት፣ ስምና ጠባይ ማቅረብ አለበት። ከጸደቀ በኋላ ቁጥሩም ስሙም ለዘለዓለም አይለወጥም። ሠ በላቲን ሆሄ «ኤስዜድኤ» ተብላ የገባችው ከሰ እንድትለይ ነው፤ ማንም ባይወደው እንደዚያው ትኖራለች።

ከዚያ በኋላ በወጡት ማሻሻያዎች ላይ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ዳንኤል ያዕቆብ ናቸው። በ2005 የወጣው ዩኒኮድ 4.1 ለሰባት ቤት ጉራጌና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላትን ጨመረ፤ በዚያው ላይ ዐሥር የዜማ ምልክቶች ገቡ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደት፣ ቁርጥ። ተማሪው ጋይንት ድረስ በእግሩ ሄዶ የሚያሳርማቸው ምልክቶች በካሊፎርኒያ የሚሰበሰብ ኮሚቴ መርምሮ አጸደቃቸው። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጎደሎም አለው፤ ምልክቶቹ የገቡት ራሳቸውን ችለው እንደሚቆሙ ነጠላ ሥዕሎች ነው። ድጓ ላይ የሚቀመጡት ግን ከቃሉ በላይ፣ ፊደልን ከፊደል ለይተው ነው። መስመሩን ከምልክቱ ጋር አሰላልፎ የሚያሳይ ሥርዓት ዩኒኮድ አልሰጠም፤ ከእርሱ በላይ ያለ ሌላ ደንብ ይሥራው ብሎ ትቶታል። ከዐሥሩ ውጭ ከፊደል የሚወሰዱ በመቶ የሚቆጠሩ የዜማ ምልክቶችም አሉ፤ እነርሱም አነስ ብለው ከቃሉ በላይ መጻፍ ይሻሉ።

በመዝገብ መግባት የመጀመሪያው ደጅ ብቻ እንደ ሆነ የድረ ገጽ ስሞች ታሪክ በደንብ ያሳያል። የስም ሥርዓቱ በ1987 ሲደነገግ የታሰበው ለእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ለቁጥርና ለሰረዝ ነበር። በ2003 አይኢቲኤፍ የሌሎች ፊደላት ስሞች ወደ ላቲን ፊደላት ተለውጠው የሚያልፉበትን ደንብ አጸደቀ። ነገር ግን ደንቡ ከአንድ የዩኒኮድ እትም፣ ከ3.2 ጋር ታስሮ ወጣ። ዋናዎቹ የአማርኛ ፊደላት ስለ ነበሩበት አለፉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የገቡት የሰባት ቤት ፊደላት ግን ዩኒኮድ ውስጥ ኖረው ሳሉ በስም መዝገብ ሊሰፍሩ አልቻሉም። ክፋት የተሠራ አይደለም። ደንቡ ሲመረመር ገና መዝገብ ያልገቡ ፊደላት እንዳሏቸው የሚናገሩ ሕዝቦች ድምፅ በክፍሉ ውስጥ ደካማ ነበር።

በኦገስት 2010 የወጡት ሰነዶች ይህን አስተካከሉ። እንደ አዲሱ ደንብ አንድ ምልክት መፈቀዱ የሚታወቀው ከጠባዩ ነው፤ ፊደል ከሆነ ያልፋል፣ ነጥብ ወይም ሥዕል ከሆነ ይቀራል። ከዚያ የተነሣ ሁለት ነጥባችን ፡ አያልፍም፤ የዜማ ምልክቶቹም አያልፉም። ይህስ ይሁን። ነገር ግን ፩፣ ፪፣ ፫ም አያልፉም። ዩኒኮድ የሚያውቃቸው በአስርዮሽ ሥርዓት እንደሚሠሩ ቁጥሮች አይደለም፤ ዜሮ የሌላቸው፣ ዐሥርና መቶ የራሳቸው ምልክት ያላቸው ስለ ሆኑ በሌላ ምድብ አስቀምጧቸዋል። ምድቡ ትክክል ነው፣ አስተሳሰቡም ትክክል ነው፤ ውጤቱ ግን በግዕዝ አኀዝ የድረ ገጽ ስም መጻፍ አለመቻሉ ነው።

የአማርኛ አጭር መልእክትም የዚሁ ዓይነት ውሳኔ ውጤት ነው። የጂኤስኤም ደንብ ለአንድ መልእክት የሰጠው ቦታ 140 ባይት ነው። በላቲን ሲጻፍ 160 ሆሄ ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ። ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመደው በስልኩ አለመመቸት ብቻ አልነበረም፤ ሒሳቡም ይገፋዋል።

በ2017 የሆነው ከዚህ ሁሉ ይለያል። የድረ ገጽ ስሞችን ሥር የሚያስተዳድረው አይካን፣ በየፊደሉ የትኞቹ ሆሄያት በላይኛው እርከን ስም ላይ ይፈቀዱ የሚለውን የፊደሉ ባለቤቶች ራሳቸው እንዲያቀርቡ ጠይቆ ነበርና የግዕዝ ፊደል ቡድን ተቋቁሞ ሠራ። ቡድኑ ሊመልሰው የነበረበትን ጥያቄ ከውጭ ሆኖ የሚመልስ ማንም የለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። አንዱ ስሙን «ፀሐይ»፣ ሌላው ደግሞ «ጸሐይ» ብሎ ቢያስመዘግብ ሕዝቡ ይደናገራል፤ አታላይም ይጠቀምበታል። ለትግርኛ ተናጋሪ ግን ሀ እና ሐ የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ ለግዕዝ ሊቅም ሠረቀና ሰረቀ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ወጣ፣ ሁለተኛው ሰረቀ። ደንቡ የደረሰበት መፍትሔ እነዚህን ተለዋጮች አድርጎ መቁጠር ነው። እነዚህ ሆሄያት ሁሉ ይፈቀዳሉ፣ ማንም በወደደው ይጽፋል፤ አንደኛው ስም ከተያዘ ግን ሞክሼው ለሌላ ሰው አይሰጥም። ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ቀረበ፤ ከዐረብ፣ ከጆርጂያ፣ ከክመር፣ ከላኦና ከታይ ፊደላት ጋር በሁለተኛው እትም ተካተተ።

በሴፕቴምበር 2021 የወጣው ዩኒኮድ 14 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ 28 ተጨማሪ ፊደላት ይዞ መጣ። የ2017ቱ ደንብ ሲጸድቅ በመዝገብ ስላልነበሩ ሊካተቱበት አልቻሉም። በ2010ሩ ሥርዓት መሠረት ፊደል መሆናቸው ለታችኛው እርከን ስሞች በመርህ ይበቃቸዋል፤ ለላይኛው እርከን ግን ቡድን ተሰብስቦ፣ እነዚህ ፊደላት በማን፣ በየትኛው ትምህርት ቤትና መጽሐፍ እንደሚጻፉ ናሙና አያይዞ፣ ሞክሼ ያላቸውና የሌላቸውን ለይቶ አዲስ ረቂቅ ማቅረብ ይኖርበታል።